የታችኛውን መንገድ የመረጥኩት እኔ ነኝ

የካቲት 28 ቀን
ከፍኖተ ሰላም

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድምዓለም፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? ወገብህ እንዴት ሆነልህ? ሽንኩርቱስ ተነቀለ ወይስ ገና የውሃ ተራ ትጠብቃላችሁ? እኔ በጤናዬ ደኅና ነኝ። እማዬም እዚሁ አብራን ናት፣ ደኅና ናት፤ ያው እንደምታውቀው ጠዋት ጠዋት ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለባትም። በሬዎቹን ጎረቤት እያየልን ነው።

መታሰቢያ ደኅና ናት። ልብህ እንዲያርፍ ደግሜ ልጻፈው፤ ሚስትህ ደኅና ናት። ሐኪሞቹ የሰፉት ቁስል እየደረቀ ነው። ትናንት ግድግዳ እየተደገፈች እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንድ ኩባያ አጥሚት ጨርሳለች፣ ተቆጥቼ ነው ያጠጣኋት።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ እህል ጭኖ ከቡሬ መራዊ የሚመላለሰው ተስፋው ነው። ጓደኛህ ገነነ አብሮህ በሌለበት እንዳይሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ገነነ ማሳ ላይ ከሆነ እስኪመጣ ይጠብቃል። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ተስፋውን አትጠይቀው፣ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ኔትወርኩ ከጠፋ ወር ሊሞላው ነው፤ ቢኖር ኖሮ ደውዬ በድምፄ እነግርህ ነበር። ውሸቴን ነው። በድምፄ አልችለውም ነበር።

የምጽፍልህ አንድ ነገር ከሌላ ሰው አፍ ከመስማትህ በፊት ከእኔ እንድትሰማው ነው። አያ ባምላኩ የመታሰቢያን ቃሬዛ ወጉን ጥሰው በታችኛው መንገድ ወሰዱት የሚል ወሬ ይመጣብሃል፣ ምናልባትም ቀድሞኝ ደርሷል። ሠላሳ ዓመት የአጥቢያችንን ቃሬዛ የመሩ ሰው ሲያረጁ ተሳሳቱ ይሉሃል። እሳቸውም ሲጠየቁ አዎ እኔ ነኝ ብለዋል። እሳቸው አይደሉም። የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ አፋቸውን ያዘጋኋቸውም እኔ ነኝ።

ከሥሩ ልንገርህ። ለገና መጥተህ ሳለ ስልኬን ይዤ ገደል ለገደል ስዞር እየሳቅህብኝ ነበር። ያኔ ምን እንደምሠራ በቅጡ አልነገርኩህም። የወረዳው መሬት አስተዳደር ቢሮ የነበሩት የጂፒኤስ መሣሪያዎች አንዱ ስክሪኑ ተሰነጠቀ፣ ሌላው ባትሪ አልይዝ አለ። መኪናውም ከቆመ ቆይቷል፤ መንገዱ ለምን እንደተዘጋ አንተም ታውቃለህ። አለቃዬ ጠራኝና፣ እንግዲህ ቀበሌ ለቀበሌ የምንሄደው በእግራችን ነው፣ ያለ ኔትወርክ በስልክ የሚሠራ አንድ የካርታ አፕ መርጠሽ አምጪ፣ ሁላችንም እሱን እንጭናለን አለኝ። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ምረጪ ከተባልኩ እንቅልፍ የለኝም።

ሦስት ሞከርኩ። የመጀመሪያው ሰዉ ሁሉ የሚጠቀምበት የመንገድ ካርታ ነው። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ያለውን አስፋልት ኩርባ በኩርባ ያውቀዋል፣ ነዳጅ ማደያና ሆቴሉን ሳይቀር ይቆጥርልሃል። ከአስፋልቱ ወጥተህ ወደ እኛ ስትዞር ግን ነጭ ነው፣ ባዶ ወረቀት። የተወለድንበት አገር የለም ይልሃል። ሁለተኛው ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ያሳያል፤ የቤታችንን ቆርቆሮ፣ የእማዬን የጎመን መደብ ሳይቀር አይቼበታለሁ። ነገር ግን ኔትወርክ ሲሄድ ፎቶውም አብሮ ይሄዳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለእሱ ነው።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ቡሬ ለሥልጠና ሄጄ ነው። በውጭ አገር ለመዝናናት ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው አሉ። እኛ አገር ለመዝናናት ተራራ የወጣ ሰው አላየሁም፣ የጠፋች ፍየል ፍለጋ ካልሆነ። ባረፍኩበት ሆቴል ዋይፋይ የምዕራብ ጎጃምን ካርታ በሙሉ አውርጄ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩት። ይህኛው የከፍታ መስመር አለው። መስመሮቹ ተጠጋግተው ካየሃቸው ቦታው ገደል ነው፣ ተራርቀው ካየሃቸው ሜዳ ነው። ከዚህ እዚያ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ስንት ሜትር እንደምትወጣና እንደምትወርድ፣ በስንት ሰዓት እንደምትደርስ ይነግርሃል። የእግር መንገዱን በነጠብጣብ፣ ወንዙን በሰማያዊ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በመስቀል ያመለክታል። አንድ ወር ሙሉ ፈተንኩት። ምንጩ ጋ ቆሜ ከፈትኩት፣ ምንጩ ጋ ነሽ አለኝ። ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ቆሜ ከፈትኩት፣ ከአሥር እርምጃ በላይ አልሳተም። አንተ ስልክሽ ውሻ ያለበትን ቤት ያሳያል ወይ ብለህ ስትቀልድብኝ ሁለት ቀን አኩርፌህ ነበር።

ሁለት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ። አለቃዬ ስብሰባ ላይ አነበበው፣ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲያ ካርታውን ሲነቅፉ እኔን የነቀፉኝ ይመስለኝ ጀመር። ይህን የምነግርህ ሰበብ ልፈልግ ብዬ አይደለም፤ ያን ቀን በምን ልብ እንደቆምኩ እንድታውቀው ነው።

አንተ ወደ ቆጋ መስኖ ሥራህ ከመመለስህ በፊት ያደረግከውን አልረሳሁትም። የመታሰቢያ ወር ሲቃረብ፣ መኪናም እንደማይገኝ ስታይ፣ በላይኛው መንገድ ያሉትን አጥቢያዎች አንድ በአንድ ዞርካቸው። የእኛ ሰዎች እስከ ሚካኤል ወሰን ይሸከማሉ፣ የሚካኤል ሰዎች እስከ ኪዳነ ምሕረት፣ የኪዳነ ምሕረት ሰዎች እስከ አቦ፣ የአቦ ሰዎች አስፋልቱ ድረስ። ቃሬዛ እኛ አገር እንዲህ ነው የሚሄደው፤ አንዱ አጥቢያ ወሰኑ ላይ ያስረክባል፣ ሌላው ትኩስ ጉልበት ይዞ ይቀበላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ። አንተ ስንት ዓመት የሰው በሽተኛ ተሸክመህ ያገኘኸውን ውለታ ነው ያን ሳምንት ደጅ ለደጅ ዞረህ የጠየቅከው። በመጨረሻም እኔን በር ላይ አቁመህ፣ ምጡ ከጠናባት በላይኛው መንገድ ውሰዷት፣ ሰዎቹ ይጠብቃሉ አልከኝ። እሺ አልኩህ። ማርያምን በይ አልከኝ። ማርያምን አልኩ።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ዘጠኝ ቀን ረቡዕ ነው። መታሰቢያን ምጥ የያዛት ማክሰኞ ከሰዓት ነበር። ረቡዕ ሲነጋ የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ህይወት መጥታ መረመረቻትና ወደ ውጭ ጠራችኝ። ልጁ በአግድም ተኝቷል፣ እዚህ አይወለድም፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፣ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ቢበዛ እስከ ስምንት ሰዓት መድረስ አለባት አለችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

አያ ባምላኩ ጥሩንባውን ነፉ። ጥሩንባው ከሸንተረር ሸንተረር እየተቀባበለ እስከ አቦ እንደሚሰማ ታውቃለህ፤ በየወሰኑ ያሉት ሰዎች ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወጥተው ይጠብቃሉ ማለት ነው። የእኛዎቹ ስምንት ሆነው መጡ። የጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ነውና አንዳቸውም እህል ውሃ አልቀመሱም። ክንዱ፣ ያ የጎረቤታችን ጎረምሳ፣ የፊቱን እንጨት ያዘ። ህይወት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከጎን ሆነች። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን።

ሾላው ጋ ስንደርስ ሁለት ሰዓት ሆኗል። መንገዱ የሚከፈለው እዚያ ነው። ስልኬን አወጣሁ። የላይኛው ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ረጃጅም ዳገት፣ ሰባት ሰዓት ይፈጃል አለኝ። የታችኛው አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው፣ መስመሮቹ የተራራቁ፣ ዳገት የለውም ማለት ይቻላል፤ አራት ሰዓት ተኩል አለኝ። አስበው እንግዲህ። በላይ ከሄድን የምንደርሰው ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ በታች ከሄድን ስድስት ተኩል። ህይወት ያለችው እስከ ስምንት ነው። ቃሬዛ በላይኛው መንገድ በአምስት ሰዓት እንደሚገባ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ትኩስ ሰው በየወሰኑ ተቀብሎ ዳገቱን በሩጫ ነው የሚያወጣው። ካርታው ግን የሚያሰላው አንድ ሰው ቦርሳ አዝሎ ብቻውን የሚሄድበትን ሰዓት ነው። እኔ ይህን አላሰብኩትም። አንድ ወር ሙሉ ስፈትነው የሄድኩት ብቻዬን ነበር።

አያ ባምላኩ ወደ ላይ ዞረው ነበር። ቁሙ አልኳቸው። መታሰቢያ ያን ጊዜ ጮኸች፤ እጇን ከጋቢው ሥር አውጥታ የቃሬዛውን እንጨት ጨበጠች። እጇን እያየሁ ሰባት ሰዓት ብዬ ማሰብ አልቻልኩም።

በታች በኩል እንሂድ አልኩ። አያ ባምላኩ፣ ልጄ፣ በታች በኩል ማን ይቀበለናል አሉኝ። ስልኩን አሳየኋቸው። እኩሌታው ላይ መስቀል አለ፣ ጊዮርጊስ ይላል፣ ዙሪያው ሰፊ ደን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ካለ አጥቢያ አለ፣ አጥቢያ ካለ ተሸካሚ አለ አልኳቸው። እሳቸውም፣ እኔ እንጃ፣ ያ ጊዮርጊስ እንደ ድሮው አይዶለም ሲሉ የሰማሁ ይመስለኛል፣ እኔም ኸረገጥሁት ሃያ ዓመት አልፎኛል፣ በወጉ መንገድ ብንሄድ ይሻለናል አሉ። እኔ ምን ብመልስ ጥሩ ነው? አያ፣ ካርታው የዘንድሮ ነው፣ የእርስዎ ወሬ የሃያ ዓመት ነው አልኳቸው። በስምንት ሰው ፊት። ፊታቸው አልተለወጠም። የተማረችው እሷ ናት፣ በሉ እንግዲህ አሉና ቃሬዛውን ወደ ታች አዞሩት።

እስከ አራት ሰዓት ድረስ ካርታው ያለው ሁሉ እውነት ነበር። ሜዳ ባለበት ሜዳ፣ ወንዝ ባለበት ወንዝ አገኘን፤ ወንዙም የቁርጭምጭሚት ውሃ ብቻ ነው የያዘው። ክንዱ እንዲያው እንዲህ ያለ መንገድ እያለ አባቶቻችን ዳገቱን ምን አስወደዳቸው እያለ አሳቀን። እኔም ሳቅኩ። ሆዴ ውስጥ ኩራት ቢጤ ነበር፣ ይህንም ልደብቅህ አልፈልግም። ነገሬን ሁሉ ለአንተ እንዴት አድርጌ እንደማወራው እያሰብኩ ነበር የምሄደው።

ከዚያ ፀሐዩ ከረረ። ሸለቆው ንፋስ የለውም። ስምንት ሰው አራት አራት እየሆነ ቢቀያየርም ያው ስምንት ሰው ነው፤ በላይኛው መንገድ ቢሆን ይህን ጊዜ ሁለት ጊዜ አስረክበን ነበር። እርምጃቸው አጠረ። ትከሻ መቀያየሪያው በየመቶው እርምጃ፣ በኋላም በየሃምሳው ሆነ። እኔ ከፊት ከፊት እየሄድኩ ጊዮርጊስ ደረሰ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ቀረው፣ አንድ ኪሎ ሜትር ቀረው እላለሁ። ህይወት የመታሰቢያን እጅ ይዛ ትቆጥራለች፣ ወደ እኔ ግን አታይም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደኑ ታየን። ትልቅ ነው፤ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛው ጥቅጥቅ ብሎ ከሩቅ ይጠቁራል። ሰዎቹ ተነቃቁ። አያ ባምላኩ ጥሩንባውን ነፉ፣ ቆይተው ደገሙት። የመለሰ የለም። ቅዳሴ ላይ ይሆናሉ አልኩ። ቅጥሩን አልፈን ገባን። ክብ የድንጋይ መሠረት ብቻ ነው ያለው፣ መሃሉ ላይ ሣር በቅሎበታል፣ መቃብሮቹን ሐረግ ውጧቸዋል። ከዛፉ ላይ ጉሬዛዎች ያዩናል። ሌላ ማንም የለም።

ደኑን የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ከወይራው ሥር ብቅ አሉ። ታቦቱ ኸተነሣ ስምንት ዓመት ሆነው፣ የመኪና መንገድ ሲወጣ ወደ ማዶ አዛወሩት፣ ሕዝቡም ታቦቱን ተከትሎ ሄደ፣ ኸዚህ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው አሉን። ዛፉን የቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ የሚደፍረው ስለሌለ ደኑ እንዳለ ቀርቷል። ከሰማይ ላየው ሰው ዛሬም ጊዮርጊስ ነው። ካርታውን የሠራው ሰው ደኑን አይቶ መስቀል አደረገ፣ እኔ ደግሞ መስቀሉን አይቼ ሰው አለ አልኩ። አገሩን የማያውቅ ሰው እንዲህ አይሳሳትም ነበር፤ እንዲህ የሚሳሳተው ቤተ ክርስቲያን ባለበት ሸክም የሚቀበል እንደማይጠፋ የሚያውቅ የእኛ ሰው ብቻ ነው።

ክንዱ የፊቱን እንጨት አስቀምጦ መሬት ላይ ተዘረጋ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ። አያ ባምላኩ ውሃ ጠጡ አሏቸው። እምቢ አሉ፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም አሉ። ለነፍስ ነው፣ ቄሱ ከጠየቁ እኔ እመልሳለሁ ብለው ከቅሉ ራሳቸው አስቀድመው ተጎነጩ። ያኔ ጠጡ። አንደኛው እየጠጣ ያለቅስ ነበር። መታሰቢያ ግን መጮኹን ትታለች። ህይወት ወደ እኔ መጥታ፣ የምታደርጊው ካለ አሁን አድርጊው አለችኝ።

ስልኩን እንደገና ከፈትኩት። እጄ በላብ ረጥቦ ስክሪኑ አልታዘዝ አለኝ፤ በነጠላዬ ጠርጌ ያዝኩት። ከደኑ በላይ መስመሮቹ ድርድር ብለዋል፣ ገደል ነው። በአንድ ቦታ ግን ትንሽ ፈቀቅ ፈቀቅ ይላሉ፤ ጎርፍ የቦረቦረው ሸጥ መሆኑን አወቅኩ። እዚያ ከተወጣ የላይኛው መንገድ ኪዳነ ምሕረት ወሰን ላይ ይገኛል፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ለማንም ምንም ሳልል ሮጥኩ። መሮጥ እንኳ አይባልም፣ በእጄም በእግሬም ነው የወጣሁት። ጫማዬ አንዱ ጥሎኝ ቀረ። ሸጡ ላይ ሳለሁ ለማርያም የነገርኳትን ለአንተ አልደግመውም።

ወሰኑ ላይ አሥራ ሁለት ሰዎች ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። ከጥሩንባው ጀምሮ ሲጠብቁን ነበር። አለቃቸው ገደፋው ሲያየኝ ብድግ አለና ሙታለች ወይ አለኝ። አልሞተችም አልኩ። የት ናት አለኝ። በጣቴ ወደ ታች አሳየሁት። ወደ ገደሉ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ከዚያ በሸጡ ቁልቁል ሮጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ፈጣን ነበር። አሥራ ሁለት ትኩስ ሰው ቃሬዛውን በዚያው በታችኛው መንገድ አስፋልት ላይ አደረሰው፣ ከዚያ በባጃጅ ገባን። ሆስፒታል ስንደርስ አሥር ሰዓት ተኩል ነው። ሐኪሞቹ አላዘገዩንም፣ ገና ከበሩ ነው ተቀብለው ያስገቧት። የተቻላቸውን ሁሉ አድርገዋል፣ ማንም ስለ እነሱ ክፉ ቢነግርህ እንዳትሰማው።

እኛ ግቢው ውስጥ ዋንዛ ሥር ተቀምጠን ስንጠብቅ ገደፋው ተነሣና፣ እንዲያው ማን ነው በታች እንሂድ ያለ አለ። የሚካኤል ሰዎች እስከ ተሲያት ቆመው እንደጠበቁ ያኔ ነው የሰማሁት። አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ሳይወጣ አያ ባምላኩ፣ እኔ ነኝ አሉ። ማርጀት ክፉ ነው፣ ጉልበቴን ሰሰትሁ፣ ዳገቱን ፈራሁ አሉ። ዳገት ፈርተው አያውቁም፣ አንተም እኔም እናውቃለን። ስምንቱም ሰዎች እውነቱን ያውቃሉ፣ አቀርቅረው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ወንድምዓለም፣ ከታችኛው መንገድ ይልቅ ሌት ተቀን የሚበላኝ ይህ ዝምታ ነው። መንገዱን የመረጥኩት ለመታሰቢያ ብዬ ነው፤ ዝም ያልኩት ግን ለራሴ ነው።

በኋላ ለብቻቸው አግኝቼ ለምን እንደዚያ አሉ አልኳቸው። ወንድምሽ በአንቺ ቂም ኸያዘ የእናትሽ ቤት ይፈርሳል፤ በኔ ቢይዝ ሽማግሌ ነኝ፣ ቶሎ እሞታለሁ፣ ቂሙም አብሮኝ ይቀበራል አሉኝ። ሌላ ነገር እንድናገር አልፈቀዱልኝም። እሑድ ዕለት እድሩ ተሰብስቦ ጥሩንባውን ከእጃቸው እንደተቀበላቸው ክንዱ መጥቶ ነገረኝ። ሰጥተው፣ አመስግነው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ አለኝ። ክንዱም እኔን ቀና ብሎ አላየኝም።

አንዲቱን ነርስ፣ ሦስት ሰዓት ቀደም ብለን ብንደርስ ኖሮ የሚለወጥ ነገር ነበር ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ለምን ትጠይቂያለሽ አለችኝ። እሷም አላስጨነቀችኝም፣ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ስልኩን ወንዝ ልጥለው ብዬ ነበር፤ በየካቲት ወንዙም ስልክ የሚወስድ ውሃ የለው። አፑንም አላጠፋሁትም። ስለ መሬቱ የጠየቅኩትን ሁሉ በትክክል መልሶልኛል፣ እንዲያውም ያን ሸጥ ያሳየኝ እሱ ነው። ስለ ሰዉ መጠየቅ የነበረብኝ አያ ባምላኩን ነበር፣ እሳቸውም ሳልጠይቃቸው ነግረውኛል። ለአለቃዬ ሪፖርቴ ጎደሎ ነው ብዬ ጽፌለታለሁ፤ የየአጥቢያውን ወሰን ከሽማግሌዎች ጋር እየዞርን ሳንመዘግብ ማንም በዚህ ካርታ ሰው ይዞ እንዳይሄድ ብያለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም።

የፊታችን እሑድ ወደ ላይ እወጣለሁ። እድሩ ፊት ቆሜ፣ የመራሁት እኔ ነኝ፣ ጥሩንባውን መልሱላቸው እላለሁ። የሚካኤል ሰዎችን አንድ በአንድ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሚፈርዱብኝን እቀበላለሁ። አንተ ግን ከእድሩ ቀድመህ ማወቅ አለብህ ብዬ ነው ዛሬ የጻፍኩልህ። ማርያምን ብዬ የማልኩት ለአንተ ነው። ይቅር በለኝ ብዬ አልለምንህም፣ ለመለመን ገና ነው። አያ ባምላኩን ግን ስትመጣ ጉልበታቸውን ሳማቸው።

መታሰቢያ ሾላው ጋ የተባባልነውን ሁሉ ሰምታለች፤ ጋቢው ሥር ሆና እያንዳንዱን ቃል ሰምታለች። እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣችብኝም። ብታነሣው ይሻለኝ ነበር። የምትጠይቀኝ አንተ መቼ እንደምትመጣ ብቻ ነው። ቀን ቀን ደኅና ትውላለች፣ ጡቷ እየሞላ ያማታል እንጂ፤ ህይወት ልትጠይቃት መጥታ በጨርቅ ጠበቅ አድርጋ አስራላታለች፣ በሳምንት ውስጥ ይተዋታል ብላናለች። ሽንኩርቱን ለገነነ ተውለትና ና። በመራዊ በኩል መንገዱ ካልተከፈተ ከተስፋው ጋር ተሳፈር፣ እሱ መውጫውን ያውቃል።

ልጅህ ሴት ናት። የአንተን ግንባር ይዛ ነው የመጣችው፣ እማዬ ገና ስታያት ነው ያወቀችው። አያ ባምላኩ ቄስ ይዘው ሆስፒታሉ ድረስ መጡልንና ባለፈው ዓርብ ጠዋት ክርስትና ተነሣች፤ ስሟ ወለተ ሐና ተባለ። የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። ሰማንያውን ቀን አልጠበቅንም፤ እሷም አልጠበቀችንም።

እመቤታችን መንገድህን ታቅናልህ። እግዚአብሔር ያጽናህ።

የምትወድህ
እህትህ